ሦስቱ የተጠቀለሉ እባቦች፦ የትንሽ ከተማን አርማና ባንዲራ ማንበብ

እንደምን አመሻችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ገና ሳልጀምር አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በድንጋይ ልጀምር።

በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ዊትቢ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ 13 ሺህ ገደማ ናቸው። ባሕሩ ገደሉን ከሥር ከሥሩ እየበላ ሲንደው፣ ከውስጡ ክብ ክብ ድንጋዮች እየተፈነቀሉ ዳርቻው ላይ ይወድቃሉ። አንዱን አንስታችሁ መዳፋችሁ ላይ አስቀመጣችሁት እንበል። ይቀዘቅዛል። ሲያዩት ከሚገምቱት በላይ ይከብዳል። ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ የሚዞር ጥቅል አለው። በጥቅሉ ላይ የጎድን አጥንት የመሰሉ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ተጠቅልሎ የተኛ እባብ ነው የሚመስለው። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው። ራስ የለውም።

ሳይንስ ይህን ድንጋይ አሞናይት ይለዋል። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ የኦክቶፐስና የስኩዊድ የሩቅ ዘመድ የሆነ እንስሳ ቅርፊት ነው። የጥንቶቹ የዊትቢ ሰዎች ግን ይህን አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ሂልዳን ነው። ሂልዳ በ657 እዚያ ገደል አናት ላይ ገዳም የመሠረተች ቅድስት ናት። ገዳሙን ልትሠራ ስትመጣ ቦታውን እባብ ወሮት ነበር ይላል አፈ ታሪኩ። ጸለየች። እባቦቹ ተጠቅልለው ድንጋይ ሆኑ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ቀረ። ታዲያ ለምን ራስ የላቸውም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ የከተማዋ የእጅ ባለሙያዎች ድንጋዩ ላይ የእባብ ራስ እየቀረጹ ለጎብኚ ይሸጡ ጀመር። ሳይንስም የድርሻውን አላጓደለም፤ ከአሞናይት ወገኖች አንዱን በስሟ ሂልዶሴራስ ብሎ ጠራው።

የዊትቢ አርማ ሦስት የተጠቀለሉ እባቦች ናቸው።

አሁን አንድ እንግዳ ሰው ይህን አርማ ብቻውን አየው እንበል። እባብ ብልህነት ነው ሊል ይችላል። ሌላው እባብ ተንኮል ነው፣ ሰይጣን ነው ይላል። ቁጥራቸው ሦስት ስለሆነ ሥላሴ ነው የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ተሳስተዋል። አርማው ውስጥ ያለው ያ ገደል ነው፣ ያቺ ሴት ናት፣ ያ በመዳፍ የሚያዝ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። ይህን ለማወቅ እዚያው ቦታው ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የትንሽ ከተማ አርማ ትርጉም በምልክት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ያለው ቦታው ላይ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። ሰንደቅ ዓላማ እንላለን። ሰንደቅ ማለት እንጨቱ ነው፣ ጨርቁ የሚሰቀልበት ዘንግ። ዓላማ ደግሞ ምልክት። ባንዲራ የሚለውን ከጣሊያንኛ ተዋስነው፤ ዛሬ የራሳችን አድርገነዋል። እኔም እዚህ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ እጠቀማለሁ። አርማ ስል ግን በተለይ ጋሻ ላይ የተሣለውን ምልክት ማለቴ ነው።

ለምን ጋሻ? ነገሩ የጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በምዕራብ አውሮፓ ፈረሰኞች ዘንድ ስለሆነ ነው። ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ሸፍኖ ጦር ሜዳ ይወርዳል። ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ጋሻው ላይ ምልክት ይሣላል። በ1128 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ለአማቹ ለአንጁው ጄፍሪ የወርቅ አንበሶች ያሉበት ሰማያዊ ጋሻ እንደሰጠው ይነገራል። የጄፍሪ መቃብር ጌጥ የነበረው፣ ብረት ላይ በቀለጠ ባለቀለም ብርጭቆ የተሠራ የኢናሜል ምስል ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በምትባል ከተማ ይገኛል። አንበሶቹም ሰማያዊው ጋሻ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ከተማ ግን ፈረስ ላይ አይወጣም። ከተማ ወደ አርማ የገባው በሌላ በር ነው፤ በማኅተም። የመካከለኛው ዘመን ከተማ ውል ሲዋዋል፣ ደብዳቤ ሲልክ፣ ሰም ላይ ማኅተሙን ያትማል። ማኅተሙ ላይ የከተማው ግንብ፣ ወይ የደብሩ ቅዱስ፣ ወይ መርከብ ይቀረጻል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሰሙን አይቶ ደብዳቤው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ኋላ ላይ ያ ምስል ከማኅተሙ ወጥቶ ጋሻ ውስጥ ገባ፣ ቀለምም ለበሰ። ብዙ የአውሮፓ ከተሞች አርማቸውን ያገኙት እንዲህ ነው።

ይህ ጥበብ ደስ የሚል ሕግ አለው። ቀለሞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ወርቅና ብር ማዕድን ይባላሉ፤ ሲሣሉ ቢጫና ነጭ ይሆናሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ይባላሉ። ሕጉ ማዕድን በማዕድን ላይ አታድርግ፣ ቀለምን በቀለም ላይ አታድርግ ይላል። ቢጫ በነጭ ላይ ከሩቅ አይታይም። ሰማያዊም በጥቁር ላይ ይጠፋል። ቢጫ በጥቁር ላይ፣ ነጭ በቀይ ላይ ግን ዓይን ይስባል። የመንገድ ምልክቶችን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ዛሬም ያንኑ ሕግ ሲከተሉ ታገኟቸዋላችሁ። ሕጉን በመጣስ ስሙ የሚነሳው የኢየሩሳሌም የመስቀል ጦረኞች መንግሥት ነው፤ የወርቅ መስቀሎች በብር መደብ ላይ። መደብ የምለው ምስሉ የሚያርፍበትን የጋሻ ገጽ ነው።

ሌላም አለ። አርማ በሕግ የሚጸናው በሥዕል አይደለም፣ በቃል ነው። መዝገቡ ላይ «በቀይ መደብ የወርቅ አንበሳ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ አንዱ ሠዓሊ አንበሳውን ቀጭን አድርጎ ይሥለዋል፣ ሌላው ጎፈሬውን ያበዛለታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቃሉ ሕግ ነው፣ ሥዕሉ ትርጓሜ። እኔ ይህን ነገር ስወደው ለጉድ ነው። አንድ ምልክት መቶ ዓመት አልፎ፣ በመቶ እጅ ተሥሎ፣ ያው ራሱ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወደው ነገር ልምጣ፤ የቀለም ትርጉም። ቀይ ጀግንነት፣ ሰማያዊ ታማኝነት፣ አረንጓዴ ተስፋ፣ ወርቅ ልግስና። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር የትም ታገኛላችሁ። ብዙ ከተሞችም አርማቸውን ሲያስተዋውቁ ከዚያው ዝርዝር ይቀዳሉ። እኔ ግን እንዳትቸኩሉ እለምናችኋለሁ። ዝርዝሩ ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ያከሉት ነው። የመጀመሪያዎቹ አርማዎች ቀለማቸውን ሲመርጡ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አልነበረም።

ኔዘርላንድስ ጥሩ ማስረጃ ናት። አገሪቱ ከናፖሊዮን እጅ ከወጣች በኋላ በ1814 የመኳንንትና የአርማ ጉዳዮችን የሚመለከት ከፍተኛ ምክር ቤት ተቋቋመ። ከተሞችና መንደሮች አርማቸውን ለማስመዝገብ ማመልከቻ ላኩ። አንዳንዶቹ ምስሉን ብቻ ገለጹ፤ ቀለሙን መጻፍ ረሱ፣ ወይም እነሱም አያውቁትም ነበር። መዝጋቢው ምን አደረገ? የመንግሥቱን ቀለም ሰጣቸው። ሰማያዊ መደብ፣ የወርቅ ምስል። ዛሬ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሰማያዊና ወርቅ የሆኑ አርማዎች እንዲህ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን አንድ ሰው ከነዚያ መንደሮች በአንዱ ቆሞ «ሰማያዊው ውኃችን ነው፣ ወርቁ የስንዴ ማሳችን ነው» ቢል ያምራል። ልብ ይነካል። ግን ሰማያዊውን ያመጣው አንድ ያልተሞላ የማመልከቻ ቦታ ነው።

ይህን የምለው ሰው አርማውን እንዳይወድ አይደለም። ተቃራኒውን ነው የምፈልገው። እውነተኛው ታሪክ ከተለጠፈው ትርጉም ሁልጊዜ ይበልጥ ያምራል። ያ የማመልከቻ ወረቀት እንኳ ስንት ነገር ይናገራል፤ ጦርነት ያለፈባት አገር፣ ራሷን እንደገና የምትመዘግብ፣ በሩቅ ያለ መንደር ሳይቀር ስሙን ይዞ የሚመጣባት።

በስም የሚጫወት አርማም አለ። እኛ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ስለሆንን ይህ አይገርመንም። ኦክስፎርድ ማለት በሬ የሚሻገርበት መልካ ማለት ነው፤ አርማውም ውኃ የሚሻገር በሬ ነው። የበርሊን አርማ ድብ ነው። የከተማዋ ስም ግን ከድብ ጋር ዝምድና የለውም፤ ረግረግ ከሚል የስላቭ ቃል የመጣ እንደሆነ ነው የሚታመነው። በጀርመንኛ ድብ «ቤር» ስለሚባል ጆሮ ሁለቱን አገናኛቸው። ስሕተት ነው? የቋንቋ ሊቅ አዎ ይላል። አርማ ግን በጆሮም ይሠራል፤ ልጅ ሰምቶት የማይረሳው ነገር ነው ለዘመናት የሚዘልቀው።

ከዚህ ዓይነቱ ሁሉ እኔ የምወደው የኪሩናን ነው። ኪሩና በስዊድን ሰሜን ጫፍ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች የማዕድን ከተማ ናት። በ1900 ነው የተቆረቆረችው፣ ለብረት ማዕድኑ ሲባል። አርማዋ ሁለት ክፍል አለው። ላይኛው ክፍል ላይ ተራ ማዕድንን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይሞክሩ የነበሩት የጥንቶቹ አልኬሚስቶች ለብረት ይጠቀሙበት የነበረው ምልክት አለ፤ ክብና ከክቡ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት። ታችኛው ክፍል ላይ አንዲት ወፍ ቆማለች። ቆቅ የምትመስል፣ በክረምት እንደ በረዶ የምትነጣ የሰሜን ወፍ ናት። ወፏ ለምን ገባች? ኪሩና የሚለው ስም ከሳሚ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ጊሮን» ይሏታል ወፏን። ሳሚዎች ብረቱ ሳይቆፈር በፊት በዚያ ምድር አጋዘን ሲያረቡ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ ጋሻው ላይ ያሉትን ሁለቱን እዩ። ከላይ ማዕድኑ፣ ከታች ማዕድኑ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ስም። ማንም ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ለመጨረስ ይቸገር ነበር። ጋሻው በሁለት ምስል ጨረሰው።

ቆየት ብለን ወደ ኪሩና እንመለሳለን። አሁን ወደ ባሕር እንውረድ።

በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ጠረፍ፣ ሌኬይቲዮ፣ ቤርሜዮ፣ ኦንዳሮዋ የሚባሉ ትንንሽ የአሣ አጥማጅ ከተሞች አሉ። አርማቸው ላይ ዓሣ ነባሪ አለ። ድንበሩን ተሻግራችሁ ፈረንሳይ ውስጥ ቢያሪትዝ ብትሄዱም ታገኙታላችሁ። ባስኮች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በጀልባ እየቀዘፉ ይህን ግዙፍ እንስሳ በጦር ያድኑ ነበር። ከገደሉ አናት ላይ ጠባቂ ይቆማል። እንስሳው ወደ ላይ ወጥቶ ውኃ ሲተፋ ጠባቂው ምልክት ይሰጣል። ከዚያ ጀልባዎቹ ይሽቀዳደማሉ። በነዚህ አርማዎች ላይ ሰዎቹ ከነጀልባቸው እንስሳው አጠገብ ሲሣሉ ታያላችሁ። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ሰዎቹም ትንሽ ናቸው። ሠዓሊው ይህን አልደበቀም።

በዚያ ጠረፍ የመጨረሻው ዓሣ ነባሪ የተገደለው በ1901 ኦሪዮ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲህ አደኑ የለም። ያ ይታደን የነበረው የዓሣ ነባሪ ዝርያም በአውሮፓ በኩል ካለው ባሕር ጠፋ ማለት ይቻላል። አርማው ላይ ግን አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የጊዜ ጉዳይ ነው፣ አርማው አርጅቷል፣ ይቀየር ይላል። እኔ አልስማማም። ያ ዓሣ ነባሪ አሁን ሌላ ሥራ ይዟል። ድሮ ሙያችን ይህ ነው ይል ነበር። አሁን ከዚህ ባሕር ማን እንደጠፋና በማን እጅ እንደጠፋ ይመሰክራል። ምስሉ ሳይነካ ትርጉሙ ተለወጠ። ምልክት ሕይወት አለው የምለው ለዚህ ነው።

ሩሲያ ውስጥ ዤሌዝኖጎርስክ የምትባል ከተማ አለች፣ ሳይቤሪያ ውስጥ። ከሌሎቹ ተለቅ ትላለች፤ ግን ታሪኳን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልሆነልኝም። በሶቭየት ዘመን ለኒውክሌር ጦር መሣሪያ የሚሆን ፕሉቶኒየም ለማምረት በ1950 የተመሠረተች፣ ያለ ፈቃድ የማይገባባት ዝግ ከተማ ናት። ስሟ ካርታ ላይ አይወጣም ነበር። ክራስኖያርስክ 26 ነበር የምትባለው። የኒውክሌር ማብላያዎቹ የተሠሩት በተራራ ሆድ ውስጥ ነው። የዚህች ከተማ አርማና ባንዲራ አንድ ድብ አቶምን በሁለት እጁ ይዞ ሲሰነጥቅ ያሳያል። የመጨረሻው ማብላያ በ2010 ተዘጋ። ድቡ ግን ዛሬም ይዞታል። ለአሥርት ዓመታት ከካርታ ተደብቃ የኖረች ከተማ ራሷን ለዓለም ስታስተዋውቅ የመረጠችው ምስል ይህ ነው። ሰዎቹ ምን ያህል ዝም ብለው እንደኖሩ ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ነገር አላገኘሁም።

እስካሁን ስለ ጋሻ ነበር የማወራው። ባንዲራ ሌላ ነገር ነው። ጋሻን ቆመን እናየዋለን። ባንዲራ ግን ጨርቅ ነው። ይታጠፋል፣ ይወዛወዛል፣ ነፋስ ሲያጣ ይተኛል፣ ከኋላም ይታያል። ከወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ሁሉ ጨርቅ ላይ አይሠራም።

ብዙ ትንንሽ ከተሞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማኅተማቸውን ወስደው ነጭ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ መሐል ይለጥፉታል። ማኅተሙ የተሠራው አንድ ክንድ ርቆ ለሚያነብ ሰው ነው። ሥሩ ላይ ጽሑፍ አለው፣ ዓመተ ምሕረት አለው፣ ሦስት አራት ሥዕል አለው። ሠላሳ ሜትር ራቅ በሉ፤ የሚታየው አንድ ክብ ነጥብ ብቻ ነው።

በአሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ያለችው ፖካቴሎ የዚህ ነገር ምሳሌ ሆና ቀርታለች። በ2004 የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር የ150 ከተሞችን ባንዲራ አስመዘነ። ፖካቴሎ መጨረሻ ወጣች። ባንዲራዋ ላይ የማስታወቂያ መፈክር ነበር፤ የንግድ ምልክት መብት ማስታወሻ ሳይቀር ነበረበት። ባንዲራ ተብሎ አልተሠራም፤ ሌላ ቦታ የነበረ የማስታወቂያ ሥዕል ነው ጨርቅ ላይ የወጣው። ነዋሪዎቹ ግን ይህን ነገር ሰምተው ዝም አላሉም። ሥራው ጊዜ ፈጀ፤ ግን በ2017 ተራሮቿንና ወንዟን የያዘ አዲስ ባንዲራ ሰቀሉ። ስለ አንድ ጨርቅ ይህን ያህል መድከማቸው ያስደስተኛል። ቦታውን የሚወድ ሰው እንጂ ሌላው አይደክምም።

የባንዲራ ሰዎች አንድ ቀላል ፈተና አላቸው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ ቁመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን ሥሩ። ባንዲራችሁን እዚያ ውስጥ ሣሉ። ወረቀቱን ከዓይናችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ አርቁት። በዚያ ርቀት የምታዩት ነገር፣ ወርዱ ሜትር ተኩል የሆነ ባንዲራ ከ15 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ተሰቅሎ የምታዩትን ያህል ነው። እርሳሱ ሳጥኑ ውስጥ ያልገባለት ነገር ሁሉ ከምሰሶው ላይም አይታይም። እኔ ይህን ፈተና ስሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወድቁት ፊደሎቹ ናቸው። ቀጥለው የሚወድቁት የስንዴ ዛላዎቹ ናቸው።

ኖርዌዮች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሃልቫርድ ትሬተበርግ የሚባል የአርማ ሊቅ ነበራቸው። ለአካባቢ አስተዳደሮች አርማ ሲሠራ ጥብቅ ነበር፤ አንድ ማዕድን፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ሐሳብ። ጋሻው ተለጥጦ አራት ማዕዘን ሲሆን ያው ባንዲራ ይሆናል። ሊልሀመር የተባለችው ከተማ በ1994 የክረምት ኦሊምፒክን ያዘጋጀች ናት። የእሷ አርማ በበረዶ ሸርተቴ የሚሄድ ጦረኛ ነው። በ1206 የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሁለት ጦረኞች የሁለት ዓመቱን ሕፃን ሆኮንን ታቅፈው በበረዶ ተራራ ተሻግረው ከጠላት አሸሹት። ሕፃኑ ኋላ ነግሦ እስከ 1263 ገዛ። ጋሻው ላይ ያለው ግን ንጉሡ አይደለም። ተሸካሚው ነው።

ፊንላንድ ውስጥም ጉስታፍ ፎን ኑመርስ የሚባል ሰው ነበር። ብዙ የገጠር አስተዳደሮች አርማ በእሱ እጅ ነው የተሠራው። በጥንቱ ጥበብ ጋሻ በሁለት ሲከፈል መክፈያው መስመር ቀጥ ያለ፣ ወይ ሞገደኛ፣ ወይ እንደ ግንብ ጥርስ ያለው ይሆናል። ፎን ኑመርስ ያገሩን ደን አየና አዲስ መስመር ፈጠረ፤ እንደ ጥድ ጫፍ የሚወጣና የሚወርድ። ጋሻው ላይ አንድም ዛፍ ሳይሣል ደን ታያላችሁ። የስምንት መቶ ዓመት ጥበብ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ ያም መስመር ከመስኮቱ ውጭ የሚያየው ነገር ነበር። ቦታውን ማየት ስል ይህንን ማለቴ ነው።

አዲስ አርማ የሚያወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ። ሁሉንስ እንዴት እንተው? ወንዙን ብንተው ወንዝ ዳር ያሉት ይቀየማሉ። ፋብሪካውን ብንተው ሠራተኛው። ትምህርት ቤቱን ብንተው መምህሩ። ስለዚህ ጋሻው በአራት፣ ከዚያ በስድስት ይከፈላል፤ መጽሐፍ፣ ጥርስ ያለው የማሽን ጎማ፣ የስንዴ ዛላ፣ ፀሐይ፣ ድልድይ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አርማው ግን የየትም ከተማ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍና ፀሐይ የሌለው ከተማ የት አለ? እኔ የምለው፣ ጎረቤት ከተማ ሊወስደው የማይችለውን አንድ ነገር ፈልጉ። ዊትቢ ወደብ አላት፣ መርከብ አላት፣ አሣ አላት። የድንጋይ እባብ ግን የእሷ ነው።

ይህ ጥያቄ በቅርቡ በሰሜን አውሮፓ በጅምላ መጣ። ዴንማርክ በ2007 271 የአካባቢ አስተዳደሮቿን ወደ 98 አጠፈች። ኖርዌይ በ2020 መግቢያ ላይ ከ422 ወደ 356 አወረደች። ሁለትና ሦስት ከተማ ተጋብቶ አንድ ሲሆን የማን አርማ ይቅር? አንዱን ከሌላው ጎን መለጠፍ ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ኩርፊያ ያለበት ጋብቻ ይመስላል። ጥሩው መንገድ ከባድ ነው። አንድ ላይ ተቀምጦ ሁለታችንም የምንጠጣው ወንዝ የትኛው ነው፣ ሁለታችንም የምንወጣው ተራራ የትኛው ነው ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። አርማውን መሣል ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

አሁን ልጨርስ ስለሆነ ወደ ኪሩና ልመልሳችሁ። የብረት ማዕድኑ ከተማዋ ሥር ስለሚገባ መሬቱ እየተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ ከተማዋ እየተዛወረች ነው። ቤት እየፈረሰ፣ እየተጫነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በነሐሴ 2025 ትልቁ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ሁለት ቀን ፈጅቶ አምስት ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ወፏና ብረቱ ግን የት መሄድ እንዳለባቸው ማንም አልጠየቀም። ከሰዎቹ ጋር ሄዱ።

ሁሉም ከተማ ይህ ዕድል አልደረሰውም። ሩሲያ ውስጥ፣ በቮልጋ ላይኛው ተፋሰስ፣ ሞሎጋ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በንግሥት ዳግማዊት ካትሪን ዘመን፣ በ1778 አርማ ተሰጣት። በዚያ ዘመን ልማድ የትንሽ ከተማ አርማ የግዛቷን ምልክት ከራሷ ምልክት ጋር ይይዛል። ለሞሎጋ ከያሮስላቭል የመጣው መጥረቢያ የተሸከመ ድብ ነው። የራሷ ደግሞ የአፈር ካብ ነው፤ ከተማን ከጠላት ለመከላከል የሚቆለል፣ ተራ የአፈር ካብ።

በ1941 የሪቢንስክ ግድብ መሙላት ጀመረ። ሰዉ ቀድሞ እንዲለቅ ተደረገ። ቤቱን እየነቀለ፣ ግንዱን በወንዝ ላይ እያንሳፈፈ የሄደ አለ። ጎረቤቷ ቬስየጎንስክ፣ አርማዋ ላይ ክሬይፊሽ የሚባል ጥቁር፣ ሸርጣን መሰል የውኃ ፍጥረት ያላት ከተማ፣ አብዛኛው አሮጌ ክፍሏ ሰጠመ፤ እሷ ግን ከፍ ወዳለ መሬት ሸሽታ ተረፈች፣ ያንን ፍጥረትም ይዛ ዛሬም አለች። ሞሎጋ ሙሉ በሙሉ ሰጠመች።

ዝናም ሲያጥርና ውኃው ሲጎድል፣ መንገዶቿና የቤቶቿ መሠረት ጭቃ ላይ ብቅ ይላሉ። የነዋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በጀልባ ሄደው በዚያ ጭቃ ላይ ይራመዳሉ። ከዚያ ውኃው ይመለሳል። አርማው ላይ ያለው የአፈር ካብ ግን ደረቅ ነው። ድቡም ከነመጥረቢያው እንደቆመ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ፣ ጊዜ አለን።